ሳጥኑ ተዘጋጅቷል፤ ሰውዬውስ?

በቻይና ገጠር አንዳንድ አካባቢዎች ወደ አንድ አዛውንት ቤት ብትገቡ፣ ከእህል ማስቀመጫው አጠገብ ወይም በጓዳው ጥግ የሬሳ ሳጥን ተቀምጦ ልታገኙ ትችላላችሁ። በቤቱ የሞተ ሰው የለም። ሳጥኑ የባለቤቱ ነው፤ ባለቤቱም በሙሉ ጤናው ደጅ ወጥቶ አትክልቱን እየኮተኮተ ይሆናል። ሳጥኑን በሞት ስም አይጠሩትም፤ «የረጅም ዕድሜ እንጨት» ይሉታል። አብሮ ተጣጥፎ የሚቀመጠው የቀብር ልብስም «የረጅም ዕድሜ ልብስ» ነው የሚባለው። ይህን ሳጥን ለአባት ወይም ለእናት በጊዜ ማሠራት ከልጅ የሚጠበቅ ትልቅ ውለታ ነበር። ሳጥን ያለው ሽማግሌ ልጆቹ የባረኩት ሰው ነው፤ በየጊዜው ቀለም ይቀባዋል፣ ለእንግዳም ያሳየዋል።

ይህን የመሰለ ነገር በቪዲዮ ያዩ አንዳንድ ወገኖቻችን ሲስቁ አይቻለሁ። ለሙታን የሐሰት ብር ሲቃጠል፣ ከወረቀት የተሠራ ቤትና መኪና፣ ይባስ ብሎም የወረቀት ስልክ ሲነድድ ይታያል፤ ከሥሩ የሳቅ ምልክት ይደረደራል። «እኛን ነጻ ያወጣን ጌታ ይመስገን» የሚል አስተያየትም አይጠፋም። በዚህ ሳቅ አልስማማም። በሌላ በኩል ደግሞ «ባህል አይደል እንዴ? ለአባት መስገድ ክብር እንጂ አምልኮ አይደለም፤ ምን ያካብዳል?» ከሚሉት ጋርም አልስማማም። አንደኛው ወገን ሰዎቹን አቅልሎ ያያል፤ ሁለተኛው ደግሞ ነገሩን።

ከሳቁ ልጀምር። ቃሉን የምናነብ ሰዎች ከሆንን፣ ለሞት መዘጋጀት የሞኝ ሥራ እንዳልሆነ እናውቃለን። አብርሃም ሣራን የሚቀብርበትን የመክፈላ ዋሻ በ400 ሰቅል ብር፣ በምስክሮች ፊት ገዛ (ዘፍ. 23)፤ ኋላም ራሱ እዚያው ተቀበረ። ዮሴፍ ከመሞቱ በፊት ስለ ዐፅሙ ወንድሞቹን አማለ፤ የዕብራውያን ጸሐፊም ይህንኑ ከእምነቱ ሥራ ቆጠረለት (ዕብ. 11፥22)። ነቢዩ ኢሳይያስ ለንጉሡ ለሕዝቅያስ ይዞት የሄደው መልእክት መሞትህ ነውና ቤትህን አስተካክል የሚል ነበር (ኢሳ. 38፥1)። ዛሬ አንዳንድ መድረኮቻችን ላይ እንዲህ ብሎ የሚናገር ነቢይ ቢነሳ ማይክሮፎኑን የሚቀሙት ይመስለኛል። ስለ ሞት ማውራት «የሞት መንፈስ መጋበዝ» ነው ተብሎ የሚሰበክበት ዘመን ላይ ነን። የሰባ ዓመት አባት ኑዛዜ ልጻፍ ሲሉ ልጆቻቸው «ምነው አባዬ፣ በአፍዎ ሞትን አይጥሩ» ይሏቸዋል። እንዲህ ያለ ቤተ ክርስቲያን ሳጥኑን አይቶ በማይሸሽ ቻይናዊ ገበሬ ላይ ለመሳቅ ምን ሞራል አለው?

ይሁን እንጂ ሳጥን ማዘጋጀትና ሞትን ፊት ለፊት ማየት አንድ አይደሉም። ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ ሳጥኑ እንኳ የተጠራው በሞት ስም ሳይሆን በዕድሜ ስም ነው። በቻይንኛ «አራት» የሚለው ቁጥር ድምፁ «ሞት» ከሚለው ቃል ጋር ስለሚቀራረብ፣ አራተኛ ፎቅ ተብሎ የሚጠራ ፎቅ የሌላቸው ብዙ ሕንፃዎች አሉ። ሳጥኑን በጓዳው ያኖረ ሰው ስሙን መጥራት ይፈራል። ይህ ፍርሃት ከየት መጣ? መልሱ ሰውዬው ሲሞት በሚደረገው ነገር ውስጥ ነው።

በጥንቱ ልማድ ሰው መሞት ያለበት በቤቱ ነው፤ ነፍሱ ልትወጣ ስትል ወደ ዋናው አዳራሽ ይወሰዳል። ታጥቦ የተዘጋጀለትን ልብስ በጎዶሎ ቁጥር ደራርበው ያለብሱታል። በአፉ ውስጥ ሩዝ፣ ሳንቲም ወይም ዕንቁ የሚደረግበት ልማድም ነበር። ልጆቹ ነጭ የሐዘን ልብስ ይለብሳሉ። በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል የበኩር ልጁ ወረቀት የተቃጠለበትን የሸክላ ሳህን አንሥቶ መሬት ላይ ይሰብራል። የቀብሩ ቦታና ቀን በፌንግ ሹዊ አዋቂ ይመረጣል፤ መልካም ቦታና መልካም ቀን እስኪገኝ ድረስ አስከሬኑ ሳይቀበር ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት የሚቆይበት ጊዜ ነበር። ከዚያ በየሰባት ቀኑ፣ ሰባት ጊዜ ሰባት እስከ 49ኛው ቀን ድረስ ሥርዓት ይደረጋል፤ ቀጥሎም በመቶኛው ቀን፣ በዓመቱ፣ በሦስተኛው ዓመት።

ለምን በየሰባት ቀኑ? ከቡድሂዝምና ከአገሩ እምነት በተቀላቀለው ትምህርት መሠረት፣ የሞተ ሰው በታችኛው ዓለም በዐሥር ነገሥታት ችሎት ፊት ይቀርባል። ሰባቱ በሰባቱ ሳምንታት፣ ስምንተኛው በመቶኛው ቀን፣ የቀሩት ሁለቱ በዓመቱና በሦስተኛው ዓመት ጉዳዩን ያያሉ። ይህ የታችኛው ዓለም ልክ እንደ ንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጸሐፊ አለው፣ መዝገብ አለው፣ ዘበኛ አለው፣ የይለፍ ወረቀት ይጠይቃል። እንደ ምድሩ ቢሮም እጅ ካላራሱ ጉዳይ አይንቀሳቀስም። የሚቃጠለው የወረቀት ብር ለሟቹ ስንቅ ነው፤ ደግሞም ለዘበኛውና ለዳኛው እጅ መንሻ ነው።

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ነው ሳቁ የሚቆመው። እስቲ አስቡት፤ አንድ ልጅ የሚወደው አባቱ ጉቦ በሚበላ ዳኛ ፊት ቆሞ እንደሚንገላታ እያመነ ሌሊቱን ሙሉ ወረቀት ያቃጥላል። በቃ ተብሎ ደረሰኝ አይሰጠው። በሚያዝያ መባቻ የቺንግሚንግ በዓል ሲደርስ መቃብሩን ጠርጎ እንደገና ያቃጥላል። በቻይና አቆጣጠር በሰባተኛው ወር የሙታን ነፍሳት ይፈታሉ ይባላልና እንደገና ያቃጥላል። አባቱ ያቃጥል ነበር፤ ልጁም ያቃጥልለታል ብሎ ተስፋ ያደርጋል። ወንድ ልጅ ያልወለደ ሰው በዚያ አገር ያን ያህል ያዝን የነበረው ዘር ስለ ተቋረጠበት ብቻ አልነበረም፤ ከሞት በኋላ የሚያስታውሰው፣ የሚያበላው ስለማይኖር ጭምር ነው። የሚያስበው የሌለው ሙት የተራበ መንፈስ ሆኖ እንደሚንከራተት ይነገራላ።

«ይህ ሁሉ ፍቅር ነው» የሚሉ አሉ። ፍቅር አለበት፤ አልክድም። ግን ፍቅር ብቻ ቢሆን ኖሮ በሰባተኛው ወር ሰዎች በመንገድ ዳር ለማያውቋቸው ሙታን ባላቃጠሉ ነበር። ርኅራኄ ነው እንዳንል፣ የሚነገረው ምክንያት ሌላ ነው፤ እንዳይጎዱን፣ ወደ ቤታችን እንዳይገቡ ነው። የዕብራውያን መልእክት በሞት ፍርሃት ምክንያት ዕድሜያቸውን ሁሉ በባርነት ታስረው ስለኖሩ ሰዎች ይናገራል (ዕብ. 2፥15)። ለዚህ ቃል ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላውቅም።

ሐዋርያው ጴጥሮስ ደግሞ ነገሩን በስሙ ይጠራዋል። ከአባቶች ከተወረሰው ከንቱ ኑሮ የተዋጃችሁት በሚጠፋ ነገር፣ በብር ወይም በወርቅ ሳይሆን በክርስቶስ ደም ነው ይላል (1ጴጥ. 1፥18-19)። ከአባቶች የተወረሰ፣ ብር፣ መዋጀት፤ ሦስቱም ቃላት እዚያ አሉ። እውነተኛ ብር ያልዋጀውን የወረቀት ብር እንዴት ይዋጀዋል? መዝሙረኛውም ለወንድሙ ነፍስ ቤዛ ሊከፍል የሚችል ሰው እንደሌለ ተናግሯል (መዝ. 49)። ሙሴ ደግሞ አምላካችን ፊት አይቶ የማያዳላ፣ መማለጃም የማይቀበል መሆኑን አስተምሯል (ዘዳ. 10፥17)። ይህ ለበደለኛ የሚያስፈራ ዜና ነው። ዋጋው በሌላ መንገድ ለተከፈለለት ግን ከዚህ የሚበልጥ ዕረፍት የለም። በነገራችን ላይ፣ ለተዝካር ድግስ በሬ ሲገዛ ዕዳ ውስጥ የገባ ቤተሰብ በአገራችንም አይተናልና ይህን ክፍል «ለቻይናዎች» ብለን አንለፈው።

የቻይና ሊቃውንት ራሳቸው በዚህ ጉዳይ ተከራክረዋል። ኮንፊሽየስ ስለ ሞት ሲጠየቅ፣ ሕይወትን ገና ሳታውቅ ሞትን እንዴት ታውቃለህ በሚል መንፈስ መለሰ። ይህን ሐቀኝነቱን አከብርለታለሁ። ደቀ መዝሙሩ ዛይ ዎ ለወላጅ የሦስት ዓመት ሐዘን በዝቷል፣ አንድ ዓመት ይበቃል ባለው ጊዜ ግን አዘነበት፤ ሕፃን ከወላጆቹ ክንድ የሚወርደው በሦስት ዓመቱ አይደለምን ሲል ሞገተ። ያምራል። ከእሱ በኋላ የተነሣው ሞዚ የተባለው አስተማሪ ደግሞ የተንዛዛ ቀብር ሕዝብን ያደኸያል ብሎ ተነሣ፤ ሦስት ጣት ውፍረት ያለው ሳጥንና ሦስት ልብስ ይበቃል አለ። የሰማው አልነበረም ማለት ይቻላል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ210 የሞተው የመጀመሪያው ንጉሠ ነገሥት ቺን ሺ ሁዋንግ የማይሞትበትን መድኃኒት በባሕር ማዶ ሲያስፈልግ ኖሮ፣ በመጨረሻ ከሺህዎች የሸክላ ወታደሮች ጋር ተቀበረ። ገበሬዎች ውኃ ሊያወጡ ጉድጓድ ሲቆፍሩ ወታደሮቹን ያገኟቸው በ1974 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ወታደሮቹ ዛሬም እንደ ቆሙ ናቸው፤ ቱሪስት ይጎበኛቸዋል።

ከሁሉ ይልቅ የምሟገተው ግን ከሜንሺየስ ጋር ነው። ይህ ሰው ከኮንፊሽየስ ቀጥሎ የሚከበር ሊቅ ነው። ወላጆችን በሕይወት ሳሉ መጦር እንደ ትልቅ ነገር ሊቆጠር አይበቃም፤ ትልቅ ነገር ሊባል የሚችለው ሲሞቱ በወጉ መሸኘት ነው ብሎ አስተማረ። ጡረታውን ንቆ አይደለም፤ የቀብርን ክብደት ሊያሳይ ፈልጎ ነው። ፍሬው ግን ምን ሆነ? ቻይናውያን ራሳቸው ሲወቅሱ «በስስት ጦሮ፣ በገፍ ቀበረ» የሚል አባባል አላቸው። በሕይወቱ ሳለ ያልተጠየቀ አባት፣ በሞተ ማግስት በሙዚቃና በሰልፍ ይሸኛል። ጌታ ኢየሱስ ቁርባን በሚል ሰበብ አባትና እናታቸውን ከመርዳት ያመለጡትን ሰዎች የገሠጻቸው በዚሁ ነገር ነበር (ማር. 7፥11)። ሃይማኖታዊ የሚመስል ወጪ የዛሬውን ግዴታ ሊሸፍን አይችልም። ጳውሎስም ልጆች ለወላጆቻቸው ብድራት መመለስን ይማሩ ያለው በሕይወት ስላሉ ወላጆች ነው (1ጢሞ. 5፥4)። ጌታ ራሱ ምስማሩ ላይ ሆኖ ለእናቱ የሚያስጠጋትን ሰው አዘጋጀላት።

አሁን ወደ ሁለተኛው ወገን እንምጣ፤ «ባህል ነው» ወደሚለው። ይህ ክርክር አዲስ አይደለም። በ1610 ቤይጂንግ ውስጥ የሞተው ኢየሱሳዊው ማቴዮ ሪቺ ለአባቶች የሚደረገውን ሥርዓት እንደ አክብሮት ቆጥሮ በለዘብታ አየው። ሌሎች ካቶሊካውያን መነኮሳት ተቃወሙ፤ ሮም በ1704፣ በ1715፣ በመጨረሻም በ1742 ከለከለች፤ ከዚያ በ1939 መለስ ብላ ብዙውን ፈቀደች። በእኛም ወገን ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። በ1890 በሻንጋይ በተደረገው የሚሲዮናውያን ጉባኤ አሜሪካዊው ዊልያም ማርቲን ለዘብተኛ እንሁን የሚል ጽሑፍ አቀረበ፤ ሀድሰን ቴይለር የማይስማማ ይቁም ሲል ከተሰብሳቢው አብዛኛው ተነሥቶ ቆመ።

ለዘብተኞቹ አዘውትረው የሚጠቅሱት ንዕማንን ነው። ንጉሡን ደግፎ በሬሞን ቤት መስገዱን ኤልሳዕ «በደኅና ሂድ» ብሎ አልፎለታል ይላሉ (2ነገ. 5፥18-19)። ጥቅሱን ግን ደግማችሁ አንብቡት። ንዕማን «ምንም አይደለም» አላለም፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ ነው ያለው። ነገሩ ንጹሕ እንዳልሆነ ያውቃል፤ ሕሊናው ቆስሏል። እንዲህ ያለ አዲስ አማኝ ቢመጣ እኔም በትዕግሥት አየዋለሁ፤ አላባርረውም። ቁስሉን «ባህል ነው» ብሎ ማደንዘዝ ግን ሌላ ነገር ነው። ጳውሎስም ሥጋውን ብላ፣ አንዱ ግን ይህ ለጣዖት የተሠዋ ነው ብሎ ቢነግርህ ስለ እሱ ሕሊና አትብላ ብሏል (1ቆሮ. 10፥28)። ሚዛኑ ይህ ነው። ጥያቄው «እኔ ስሰግድ ምን አስባለሁ?» አይደለም፤ ዕጣኑን በእጄ ያስያዘኝ አጎቴ ምን ያምናል ነው። እሱ በእንጨቱ የስም ሰሌዳ ውስጥ የአባቴ ነፍስ አድራለች፣ ዕጣኑንም ትቀበላለች ብሎ ካመነ፣ የእኔ ስግደት ይህንኑ ፍርሃቱን ያጸድቅለታል። ነጻ የሚያወጣውን ወሬ እየያዝሁ ሰንሰለቱን አጠብቅለታለሁ።

እንግዲህ ከልክሎ መሄድ ብቻ ይበቃል? አይበቃም። በሻንጋይ ተነሥተው የቆሙት ሰዎች በውሳኔያቸው ትክክል ነበሩ ብዬ አምናለሁ፤ ነገር ግን ብዙ ሚሲዮናውያን የስም ሰሌዳውን አውርደው በቦታው ባዶ ግድግዳ ነው የተዉት። ያመነው ሰው «አባት የሌለው» ተብሎ ከዘመድ ጉባኤ ተገለለ፤ የዚህን ሕመም ከእኛ በላይ ሊረዳ የሚችል ማን ነው? በአገራችን የቀደሙት ወንጌላውያን ሬሳቸውን የሚያሳርፉበት ቦታ ተከልክለው የተንገላቱበትን ዘመን ከአባቶቻችን አፍ ሰምተናል።

በቅርቡም የቻይና መንግሥት ባዶ እጅ የሚያስቀረውን ይህንኑ መንገድ በባሰ መልኩ ሄዶበታል። ማኦና ጓዶቹ በ1956 አስከሬናችን ይቃጠል ብለው ፈርመው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ መሬትና እንጨት እንዳይባክን ተብሎ ማቃጠል ሲበረታታ ኖሯል። በ2014 በአንሁዪ ክፍለ ሀገር በአንቺንግ ከተማ አስተዳደር ከጁን 1 ጀምሮ ማንም ሰው ሬሳው ሳይቃጠል እንዳይቀበር ታዘዘ፤ ቀኑ ሳይደርስ በሳጥናቸው ለመቀበር ሲሉ ሕይወታቸውን ያጠፉ አዛውንት እንደነበሩ ተዘገበ። በ2018 ደግሞ በጂያንግሺ ባለሥልጣናት ቤት ለቤት እየዞሩ የሽማግሌዎችን ሳጥን ሰበሰቡ፤ በሜዳ ከምረው በማሽን ሰባበሩት። አሮጊቶች ሳጥናቸው ውስጥ ገብተው ተኝተው አንወጣም ሲሉ የሚያሳይ ምስል ወጣ፤ የመንግሥት ጋዜጣ ሳይቀር ድርጊቱን ነቀፈ። ያን ምስል ያየ ሰው ስለ «ኋላ ቀር ባህል» ሊቀልድ አይችልም። ዕድሜ ልካቸውን የተዘጋጁበት ብቸኛ ነገር ነበር። ሳጥኑ ተወሰደባቸው፤ ፍርሃቱ ግን እዚያው ቤት ቀረ።

ታዲያ አምኖ የዳነ የበኩር ልጅ በአባቱ ቀብር ላይ ምን ያድርግ? እኔ የምለው ይህን ነው። አባቱን ለማጠብ የመጀመሪያው እሱ ይሁን፤ ሳጥኑን በትከሻው ይሸከም፤ ወጪውን ከወንድሞቹ አስበልጦ ይክፈል። ነጩን ልብስ ይልበስ፤ ነጭ ልብስ ማንንም አይጎዳም። ያልቅስ፤ ጌታም በአልዓዛር መቃብር አልቅሷል። አባቱ ያደረገለትን ለልጆቹ ቆጥሮ ይንገር። በቺንግሚንግ ሄዶ መቃብሩን ያጽዳ፤ ብዙ ቻይናውያን ክርስቲያኖች በዚያ ቀን አበባ ይዘው ሄደው ይጸልያሉ፣ ይዘምራሉ። ዕጣኑን፣ የወረቀት ብሩንና ቀን መራጩን ግን ይተው፤ ሲጠይቁትም ለምን እንደተወ አንገቱን ሳይደፋ ይናገር። ሲጦር የኖረ ልጅ ከሆነ ዘመዶቹ ያደምጡታል። ሳይጦር ቀርቶ በቀብሩ ቀን ብቻ ሃይማኖተኛ ቢሆን ግን ቢሰድቡትም አልፈርድባቸውም።

ከእናንተ ብዙዎቹ በመንገድ ሥራ፣ በፋብሪካ፣ በንግድ ከቻይናውያን ጋር ትውላላችሁ። በሚያዝያ መባቻ አንዱ ዝም ብሎ ቢያገኛችሁ፣ አገሩ ስላሉት ወላጆቹ ጠይቁት፤ አባቱ በሕይወት አለ ወይ፣ መቃብሩን ማን ይጠርግለታል በሉት። ካወራችሁ በኋላ የአርማትያሱን ዮሴፍ ንገሩት። ባለጠጋ ሰው ነበር፤ በሕይወቱ ሳለ ከዓለት የተወቀረ አዲስ መቃብር ለራሱ አዘጋጅቶ ነበር (ማቴ. 27፥60)። ለሞቱ መዘጋጀት ምን ማለት እንደሆነ የገባው ሰው ነው፤ ቻይናዊው ወዳጃችሁ ወዲያው ይረዳዋል። ያን መቃብር ለተሰቀለው ኢየሱስ ሰጠው፤ ኢየሱስም ከሦስተኛው ቀን በላይ አላስፈለገውም። የቻይንኛው መጽሐፍ ቅዱስ በስልክ በነጻ ይገኛል፤ ምዕራፉን ከፍታችሁ ራሱ እንዲያነበው ስጡት።